የቀኝ የፊት ጎማ

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ የምበልጥበት አንድ ነገር ነበረኝ። የመኪና ጎማ በመዶሻ መፍታት እችል ነበር።

የማንኛውንም መኪና ሳይሆን የአያቴን። የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ቀለሟ እንደበሰለ ቲማቲም የቀላ። ጎማዎቿ እንደ ሌላው መኪና በአራት በአምስት ቡሎን አይታሰሩም። እያንዳንዱን ጎማ የሚይዘው መሃሉ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው፤ ዳዶው ደግሞ እንደ ጆሮ ወዲህና ወዲያ የወጡ ሁለት ክንፎች አሉት። መፍቻ የሚባል ነገር አይነካውም። ክንፉን በመዳብ መዶሻ እየመቱ ነው የሚያላሉት፣ እየመቱ ነው የሚያጠብቁት። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ብረቱን አይጎዳም። አያቴ ያንን መዶሻ እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚያስቀምጡት።

"ላይኛውን ጆሮ ወደ አፍንጫዋ ከመታሽው ይፈታል፤ ወደ ጭራዋ ከመታሽው ይጠብቃል" ይሉኝ ነበር። "በግራ ጎኗም በቀኝ ጎኗም ያው ነው። ይህን ከያዝሽ ሌላው ጉልበት ብቻ ነው።"

አያቴ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ገጹን በግልባጩ እያነበቡ ነው ያረጁት። ጡረታ ሲወጡ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሞተሯ ተጣብቆ ግቢ ውስጥ የቆመችውን መኪና "ካስነሳሃት ያንተ ናት" ብሎ ሰጣቸው። ስድስት ዓመት ፈጀባቸው እንጂ አስነሷት። አባቴ ሞቶ እኔና እናቴ ጓዛችንን ጠቅልለን እሳቸው ቤት ስንገባ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያ የተቀበሉን በእሷ ነው። እናቴ እኔን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሻንጣው በገመድ ከኋላ ታስሮ።

"እኔ ነገር አልረሳም" ይሉ ነበር አያቴ። ጉራ አልነበረም። የጎረቤት ሁሉ የልደት ቀን፣ የትኛው በር በየት በኩል እንደሚጮህ፣ እኔ በየትኛው ቀን የትኛውን ጥርሴን እንደነቀልኩ ያውቃሉ። ሰው በእግሩና በእጁ እንደሚኮራ እሳቸው በማስታወሳቸው ይኮሩ ነበር።

ከእኛ ቤት በታች፣ ቁልቁለቱ ሥር አንድ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ "ሹክሹክታ" ይለዋል፤ ድምፁ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣም ነበርና። እኔ ይህን ሰው አልወደውም ነበር። ምስጢር ከሌለው ለምን ያንሾካሽካል እል ነበር። ሰውዬው ልጅ ሳለ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ እንደጠፋ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ወጥ ቤቱ በሚያስገባው በር ጀርባ ተቀምጬ ጫማዬን ስጠርግ፣ እናቴና ሹክሹክታ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። አያቴ ተኝተው ነበር።

"ማክሰኞ ጠዋት ይዣቸው እወጣለሁ" አለች እናቴ። "እስከ ስድስት ሰዓት አንመለስም። ቁልፉ ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ነው።"

"ካወቁስ?"

"ካወቁማ አለቀልን። ማንም እጁን እንዲያስገባባቸው አይፈልጉም።"

ሹክሹክታ በዚያ በሚያንሾካሹክ ድምፁ፣ "አሮጌው ከእንግዲህ አያገለግልም" አለ። "አውጥቼ እጥለዋለሁ። አዲሱ ሲገባ መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ያስቸግራል፤ በኋላ ይለመዳል።"

"እኔን ያስጨነቀችኝ ልጅቷ ናት" አለች እናቴ። "እንዲህ የማጣድፍህ ለእሷ ስል ነው።"

ጫማዬ እጄ ላይ ቀረ። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አሮጌው አያቴ ናቸው። አዲሱ፣ መጀመሪያ የሚያስቸግረው በኋላ የሚለመደው፣ ራሱ ሹክሹክታ ነው፤ አባቴ ሊሆን። አያቴን እናቴ የሆነ ቦታ ወስዳ ትጥላቸዋለች፣ እሱ መኪናዋን ይወስዳል። እኔ የማስጨንቃቸው ስለማለቅስ ነው።

ዛሬ ያንን ንግግር ቃል በቃል ሳስታውሰው የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። እናቴ አባቷን በሕይወቷ አንድ ቀን አንተ ብላ አታውቅም። ሹክሹክታም ቢሆን እሳቸውን በአንቱታ ነበር የሚጠራቸው፤ እዚያው ላይ እንኳ "ካወቁስ" ነው ያለው። "አውጥቼ እጥለዋለሁ" የተባለው ሰው ሊሆን አይችልም ነበር። የሚናገሩትን ቋንቋ ብቻ በደንብ ባዳምጥ ይበቃኝ ነበር።

ሰኞ ጎማ የምናወልቅበት ቀን ሆነ። አያቴ በየሦስት ወሩ አራቱንም እያወለቁ ይጠርጉና ግራሶ ይቀቡ ነበር፤ ካልሆነ ጎማው ከተቀመጠበት ጥርስ ጋር ዝጎ ይጣበቃል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ።

በእጅ ፍሬን አቆምናት። ድንጋይ ወሸቅንባት። ዳዶው የሚላላው ጎማው መሬት እንደያዘ ነው፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ ሲመቱ "ጥርቅ" ብሎ ይለቃል። ከዚያ በክሪክ ብድግ። የላላውን ዳዶ በእጄ አሽከረክረዋለሁ፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይወጣል። ጎማውን ሁለት እጄን ከቀጫጭኖቹ ሽቦዎች መሃል አስገብቼ ወደ ራሴ ስስበው፣ አሮጌ ግራሶና የጋለ ብረት ይሸተኛል። አያቴ ጥርሱን በጨርቅ ያጸዳሉ፣ በጣታቸው ስስ ግራሶ ይቀባሉ፤ "ዳቦ አይደለም የምትቀቢው፣ አታብዢ" ይሉኛል። መልሰን እንገፋዋለን። ዳዶውን በእጅ። ክሪኩን ዝቅ። ከዚያ መዶሻ።

የማጥበቁ ሥራ የጆሮ ሥራ ነበር። ዳዶው ላላ ሲል ምቱ ድፍን ነው፤ ሲጠብቅ ይጠራል። አያቴ ድምፁ እስኪጠራ ይመቱና፣ ደግመው አንድ ጊዜ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ዳዶው ላይ ያሳርፋሉ። አራቱም ላይ እንዲህ አደረጉ። የመጨረሻው የቀኝ የፊት ጎማ ነበር። አየሁ። ሦስት ጊዜ መቱ፣ ድምፁ ጠራ፣ አንድ ጨመሩ፣ መዳፋቸውን አሳረፉ።

"አባባ" አልኳቸው እጃችንን ስንታጠብ፣ "አንድ ሰው ሊወስዳት ቢፈልግስ?"

"ማን ይወስዳታል?"

"ለምሳሌ።"

ሳቁ። "ለምሳሌማ ጎማዋን አላላበታለኋ። ጎማው የላላ መኪና ከግቢ አይወጣም። እንደ አንካሳ ዶሮ በሩ ላይ ቁጭ ትልበታለች።"

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ የአያቴን ክንድ ይዛ ወጣች። እሳቸው ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅሁም፤ ያወቅሁ መስሎኝ ነበርና። የሄዱት ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋት ቤት ቀረሁ።

መዶሻውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ጨርቁን ፈታሁ። የቀኝ የፊት ጎማውን የመረጥኩት ከበሩ የሚርቅ፣ በግድግዳው በኩል ያለ ስለሆነ ነው፤ ማንም ቢመጣ አያየኝም። ላይኛውን ጆሮ ወደ አፍንጫዋ መታሁ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች እጄን አደነዘዙት እንጂ ዳዶው ንቅንቅ አላለም። ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ አያቴ የሆነ ቦታ ተጥለው ሲቀሩ አሰብኩና በሁለት እጄ ይዤ ከትከሻዬ በላይ አንስቼ መታሁ። በስምንተኛው "ጥርቅ" አለ።

የቀረው ቀላል ነበር። በእጄ አዞርኩት። ሙሉ በሙሉ አላወጣሁትም፤ ቢወድቅ ይታያል። መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ ተውኩት። መዶሻውን ጠቅልዬ መለስኩ፣ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ሹክሹክታ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። እኔን ሲያይ ፈገግ አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሞተሩን አስነሳ። መስኮቱ ላይ ሆኜ ዶሮዋ ቁጭ የምትልበትን ጠበቅሁ። መኪናዋ በሩን አለፈች። መንገዱ ላይ ወጣች። ታጠፈች፣ ጠፋች።

ስለ አያቴ መኪና የማላውቀው ነገር እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ። መንገዱ ደልዳላ እስከሆነ ድረስ ጎማው ክብደቱን ተሸክሞ ይዞ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ ነው ዳዶው በራሱ ዞሮ የሚወጣው። ይህን ያወቅሁት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ፣ ማወቅ ምንም በማይጠቅምበት ጊዜ፣ ሰው ጠይቄ ነው።

ከቤታችን በታች ገበያው ዳር የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጎማው ብቻውን ወጥቶ ሄደ። መኪናዋ በአፍንጫዋ ተሰክታ የድንጋይ ግንብ መታች። ሰዎች ሹክሹክታን ከመሪው ሥር ሲያወጡት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች በሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ደግነቱ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ይህን "ደግነቱ" የሚል ቃል እናቴ በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንዳለችው አልቆጠርኩም።

ጎረቤት መጥታ ሹክሹክታ ወደተኛበት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ኮሪደሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ነበር። አያቴ ዳር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ውስጥ የተጨመረው ጠብታ ገና አልለቀቃቸውም፣ ብርሃን ይወጋቸዋል፤ ባርኔጣቸውን ወደ ቅንድባቸው ስበውታል። እቅፋቸው ውስጥ ዳዶው ነበር። አንድ ሰው ቁልቁለቱ አናት ላይ አግኝቶ አምጥቶላቸዋል።

"ጥርሱ ደህና ነው" አሉ ለእናቴ። "አልተበላም፣ አልተሰበረም። ዞሮ ነው የወጣው። ያልጠበቀ ዳዶ ነው ዞሮ የሚወጣ።"

"አባዬ፣ አሁን ይተውት።"

"አጥብቄዋለሁ።"

እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች። ድምፅዋን አለሳለሰች፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት። "ሰው ነዎት እኮ። ሊረሱ ይችላሉ።"

ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። እስከ ዛሬ ከነባርኔጣቸው፣ ከነዳዶው ይታዩኛል።

"አንቺ አብረሽኝ ነበርሽ" አሉ። "እውነቱን ንገሪኝ። የቀኝ የፊት ጎማ ላይ መዶሻውን መታሁ ወይስ አልመታሁም?"

ሦስት ጊዜ። አንድ ጨመሩ። መዳፋቸው። ሁሉም ዓይኔ ላይ ነበር። ግን "መቱ" ብል ቀጥሎ የሚመጣው "ታዲያ ማን ፈታው?" ነው።

"አላየሁም" አልኩ። "እጄን ልታጠብ ሄጄ ነበር።"

አያቴ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ዳዶውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

ጎማውን ለማላላቴ ምክንያት አገኝለታለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ያልተባለ ነገር ሰምቼ ነበር፣ ለእሳቸው ብዬ ነበር። ለዚያች "አላየሁም" ግን ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁላትም።

በሦስተኛው ሳምንት አያቴ ሹክሹክታን ሊጠይቁ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ከአልጋው ሥር ካርቶን ነበር፤ ውስጡ በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ አዳዲስ ብረቶች።

"አዲሱ ፍሬን ነው" አለኝ እያንሾካሾከ፣ ዓይኔን ተከትሎ። "አሮጌው አልቆ ነበር። አንቺ በመኪናዋ ከአያትሽ ጋር ስትወጪ እናትሽ ነፍሷ አይቀርላትም። እሳቸው ደግሞ እኔ እሠራዋለሁ እያሉ እንቢ አሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ እንዳይሳሳቱ ፈራን። ሰርቀን ልንቀይርላቸው ነበር።"

"ይቅር በለኝ ልጄ" አሉት አያቴ።

"ተዉ እንጂ አባባ፣ ማን ያልረሳ አለ።"

ያች ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ሦስታችንም ጉልበት ለጉልበት ነው የተቀመጥነው። ልናገር የምችልበት ቦታ ካለ ያ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ሹክሹክታ የጠማኝ መስሎት ውኃ አቀበለኝ።

እሱ ዕድሜ ልኩን አነከሰ። መኪናዋን አንድ ሰው መጥቶ በጭነት መኪና ወሰዳት፤ አያቴ ሊያዩ አልወጡም። የሄደችው ግን ሌላም ነገር ይዛባቸው ነው። ከዚያ በኋላ በራቸውን ቆልፈው ሦስት እርምጃ ሄደው ይመለሳሉ። ምድጃ አጥፍተው ይመለሳሉ። የቧንቧ ውኃ ዘግተው እኔን ይጠሩኛል፤ "ነይ እስቲ እይልኝ፣ ራሴን አላምነውም።" አያለሁ። ሁልጊዜ ተዘግቷል። ሁልጊዜ ተቆልፏል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ረስተው አላገኘኋቸውም። "ተዘግቷል አባባ" ስላቸው፣ "እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር" ይሉኛል። ለጎረቤት የልደት ቀን መናገርም ተዉ። ሰው ሲጠይቃቸው "እሷን ጠይቋት፣ የኔ ነገር አያስተማምንም" ይላሉ።

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። አርባ ቀን ሲሆናት ይዣት ሄድኩ። አያቴ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸው ነበር፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እናቴ ጓዳ ነበረች። ልጄን ዘረጋሁላቸው።

እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ሸጎጡ። "የለም፣ የለም። እኔ እጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይሰጥም።"

"አባባ፣ አይወድቅብዎትም።"

"ብረሳትስ?" አሉ። "እቅፌ ውስጥ እንዳለች ረስቼ ብነሳስ?"

የቀልድ መልክ አልነበረውም። ልጄን አልጋው ላይ አስተኝቼ መሬት ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ሹክሹክታ ከሁለት ዓመት በፊት አርፏል። የሚጎዳ ሰው አልቀረም እያልኩ ለራሴ፣ "ያንን ጎማ የፈታሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የወጥ ቤቱን በር፣ አሮጌውን፣ አዲሱን፣ ዶሮዋን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ የሚታረም ገጽ ሲያነቡ ያደርጉት እንደነበረው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው።

"በስንተኛው ለቀቀልሽ?" አሉ።

"በስምንተኛው።"

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጀርባቸው ከወንበሩ ትንሽ ተነሳ።

ከዚያ ፈገግ ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። "ደህና አድርገሽ አስበሽበታል" አሉ። "ስንት ቀን ፈጀብሽ?"

"አባባ፣ እውነቴን ነው።"

"ያኔ እኮ ጠይቄሻለሁ። እዚያ ኮሪደር ላይ። እጄን ልታጠብ ሄጄ ነበር አልሽኝ።"

"ዋሸሁዎት።"

"አንቺ ልጅ ሳለሽ አትዋሺም ነበር። አሁን ነው ለእኔ ስትይ የምትዋሺው።" እንባዬን በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ። "ደግ ልጅ ነሽ። ግን አትልፊ። እኔ ራሴን ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ።"

ልጄ አልጋው ላይ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ናቸው ቀድመው የሰሟት። "አንሺያት፣ አንሺያት" አሉኝ፣ እጃቸውን ወደ ጉልበታቸው እየመለሱ። አነሳኋት።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖሩ። በየሳምንቱ ይዣት እሄድ ነበር። ስሟን፣ የወጡላትን ጥርሶች፣ ስንት ቀን እንደሞላት ሳይጠየቁ ይነግሩኛል፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። አንድም ቀን አልታቀፏትም።